ቀይ ቁጥር ያላቸው ሠላሳ አንድ ድንጋዮች

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ትምህርቴ የመሬት ሳይንስ፣ ፍቅሬ ድንጋይ። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «የኔ ልጅ ድንጋይ ነው የሚማረው» ትል ነበር፤ ሰው ሲስቅ እኔ እኮራለሁ። ትዕቢተኛ እንደነበርኩ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የመጣው በትዕቢቴ ነው። ሰው በገንዘቡ ወይም በመልኩ ሲታበይ ሰምቻለሁ። እኔ በደብዳቤዬ ነበር የምታበየው።

የማጠናውን ነገር ብዙ ሰው ሲሰማው አያምነውም። እዚሁ አገራችን፣ የሰሜን ተራሮች አናት ላይ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ግግር በረዶ ነበር። የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ ሌላው እየተደረበበት ከስር ያለው ይጠጥራል፤ ሲከብድ ደግሞ በራሱ ክብደት ቁልቁል መሄድ ይጀምራል። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፣ ቆመህ ብታየው አይታይህም። ግን አለቱን እየነቀለ፣ የነቀለውን ድንጋይ ከሆዱ ስር አድርጎ ወለሉን እየፋቀ ነው የሚሄደው። ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ታቹ ጠባብ ነው። በረዶ ያለፈበት ሸለቆ ግን ወለሉ ሰፊ፣ ግራ ቀኙ ቀጥ ያለ፣ ከብት ውኃ የሚጠጣበት ገንዳ ይመስላል። አናቱ ላይ በረዶው ተኝቶበት የነበረው ቦታ ደግሞ እንደ ባለ መደገፊያ ወንበር ጎድጉዶ ይቀራል። ሙቀት ሲመጣ በረዶው ይቀልጣል፤ የተሸከመውን ድንጋይ ከደረሰበት ቦታ ዘርግፎ ይጠፋል። እኔ ያን ዝርግፍ ድንጋይ ፈልጌ፣ «በረዶው እዚህ ድረስ ወርዶ ነበር» ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ።

ሦስት ሳምንት ተራራው ላይ ለመሰንበት መኪና ተከራየሁ። ባለቤቱም ሹፌሩም ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ሱሉልታ ተወልደው ሱሉልታ የሸበቱ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት ገብስ የሚዘሩ፣ በተረፈው ጊዜ ያችን ያረጀች ደብል ጋቢናቸውን የሚያሠሩ ሰው ናቸው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አሳምረው ይናገራሉ። መኪናዋን ከሚስታቸው ከአዴ ጫልቱ ቀጥሎ የሚወዷት ይመስለኛል፤ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ሲወለውሏት እኔ ቁርሴን እጨርስ ነበር።

ከመውጣቴ በፊት የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ፣ «የሹፌሩን ስምና የመኪናውን ታርጋ ንገረኝ» አለችኝ። ታርጋውን አልያዝኩትም ነበር፤ ደውሎ መጠየቅ ታከተኝ።

«ምን ያደርጋል? የሚጠየቀው እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንደፈለግህ» አለችና ማህተሙን መታችበት። ይህቺን «እንደፈለግህ» ያዙልኝ።

ተራራው ላይ እያንዳንዱን ናሙና ድንጋይ ከማንሣቴ በፊት ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ በኋላ ከማስታወሻ ደብተሬ ጋር እንዲተያይ ነው። የሰሜን ድንጋይ ጥቁር ስለሆነ በቀይ ቀለም ነበር የምጽፈው። የመጀመሪያው ቀን ኦቦ ገመቹ ከኋላዬ ቆመው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ስጽፍ ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ሌላ ቀለም የለህም?» አሉኝ።

«ቀዩ ነው ጥሩ የሚታየው፣ ኦቦ ገመቹ።»

«ይታያል» አሉ። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሁሉ የበለጠችውን ድንጋይ ያገኙትም እሳቸው ናቸው። በረዶ የፋቀው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን የተሰመረ ጭረት ይገኛል፤ እኛ አገር ግን ዝናቡም ፀሐዩም ስለሚበላው እንደዚያ ያለ ድንጋይ ብርቅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ደክሞኝ ተጋድሜ ሳለ ኦቦ ገመቹ አካፋዬን አንሥተው የክምሩን ስር ይጭሩ ነበር። አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ የቆየ፣ ዳቦ የሚያክል ድንጋይ አወጡ። በአውራ ጣታቸው ጠረጉትና፣ «ይሄንንስ ማን ሞረደው?» አሉ። ብድግ ብዬ ሮጥኩ። አምስት ጭረት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። አቀፍኳቸው። ቁጥር ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩበት።

ያን ቀን ማታ ያረፍንበት ቤት በር ላይ ተቀምጠን፣ «እንግዲህ በረዶው ቀለጠ እንበል። ድንጋዩን ማን ነው የሚያነሣው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማንም አያነሣውም። ባለበት ይቀራል» አልኳቸው።

«ባመጣው ነገር ላይ ሳይጠየቅ ይሄዳል በለኛ» ብለው ሳቁ።

እኛ ተራራው ላይ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ድንጋይ ስንለቅም ታች አገሩ ነዶ ነበር። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ ሊያሰፋት ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነሣ ነው ተብሎ ሕዝቡ ወጥቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ሰው ሞቷል። ይህን የሰማነው ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ነው። አዴ ጫልቱ በስልክ አለቀሱ። ኦቦ ገመቹ ስልኩን ዘግተው «ቤቴ መግባት አለብኝ» አሉ። በጠዋት ተነሥተን ዓባይ በረሃን ወርደን ወጣን። የጭነቱ ቦታ ላይ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ድንጋይ አለ፤ በሸራ ሸፍነነዋል።

ጫንጮ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ተደርድሮበት አገኘነው። ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች ከግራና ከቀኝ ብቅ አሉ። ከፊት የመጣው አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ፣ ረዘም ያለ፣ ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ ልጅ ነው። በኦሮምኛ ከየት እንደመጣን ጠየቀ፤ ኦቦ ገመቹ መለሱ። እየተነጋገሩ ሳለ ሌሎቹ ሸራውን ገለጡት።

አንዱ ማዳበሪያ ተፈታ። አንድ እጅ ገብቶ ድንጋይ ይዞ ወጣ። ሁሉም ያንን ድንጋይ አዩት፤ ጫጫታው ባንዴ ጸጥ አለ። ባለ ጃኬቱ ድንጋዩን ተቀብሎ በመስኮቴ በኩል መጣና በጥሩ አማርኛ፣

«ቁጥር አምስት የማን መሬት ነው?» አለኝ።

አልገባኝም። «ምን?»

«ቁጥር አምስት። የማን መሬት ላይ ነው የምትተክለው?»

«ኧረ የማንም መሬት አይደለም። ናሙና ነው፣ ለጥናት የመጣ ድንጋይ ነው!»

«ጥናት» አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። አንዱ ከጋቢናው ውስጥ ጂፒኤሴን አንሥቶ ሰጠው። «ይሄስ?»

«ጂፒኤስ ነው፣ ቦታ የሚያሳይ...»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። ያባቴን መሬት በዚህ ነው የለኩት። ከለኩ በኋላ በቀይ ቀለም ቁጥር የጻፉበት ድንጋይ ማሳው ጥግ ላይ ተከሉ። ከዚያ ወዲያ እኛ አላረስነውም።»

ሌላ ቀለም የለህም? ወይ ኦቦ ገመቹ! ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የዚያን አገር ሰው ሁሉ የሚያስፈራውን ነገር ራሴ እየጻፍኩ፣ ራሴ ጭኜ፣ በቀጥታ ይዤላቸው መጥቻለሁ። በሩ ተከፈተ፣ ክንዴን ያዙኝ። መኪናውን ተደገፍኩ።

ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው ወረዱ። አልተቆጡም፣ አልተለማመጡም። ከማዳበሪያው ውስጥ ፈልገው ቁጥር ሠላሳ አንድን አወጡና ለባለ ጃኬቱ ሰጡት፤ ጣቱን ይዘው በጭረቶቹ ላይ አስኬዱት። በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ በኋላ ሲተረጉሙልኝ ግን እኔ ለአስተማሪዎቼ ካስረዳሁት የተሻለ ነበር። ልጁ አላመነም፤ ራሱን ነቀነቀ። «ዳጋ» ይላል፣ ድንጋይ ማለት ነው፤ ውኃ ድንጋይ ሊፍቅ አይችልም ነው ነገሩ።

እንግዲህ ይህን ስሙ። ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር አንድ እፍኝ ጠጠር አፈሱ። የመኪናቸው ኮፈን ላይ፣ ጠዋት ጠዋት በሚወለውሉት በዚያ ነጭ ቀለም ላይ አደረጉት። መዳፋቸውን ጫኑበትና ባላቸው ጉልበት ሁሉ ተጭነው ወደ ራሳቸው ጎተቱት። ድምፁ ጥርሴን አፋጨው። እጃቸውን ሲያነሡ ጎን ለጎን የተሰመሩ ረጃጅም ጭረቶች ቀሩ፤ መዳፋቸውም ደማ። ድንጋዩን ከጭረቶቹ አጠገብ አስቀመጡት። «መዳፌ በረዶው ነው» ነበር ያሉት።

ልጁ ድንጋዩን አየ፣ ኮፈኑን አየ፣ የሚደማውን እጅ አየ። ለውሸት ብሎ የገዛ መኪናውን የሚፍቅ ሰው የለም። አንዱ «ጨቢ!» ብሎ ሳቀ፤ በረዶ ማለት ነው። ሌሎቹም ሳቁ። ክንዴን የያዙት ለቀቁኝ፣ እንዲያውም አንዱ ሸሚዜን አራገፈልኝ። መንገዱን መክፈት ጀመሩ።

ባለ ጃኬቱ ግን አልሳቀም። ድንጋዩን መለሰና ለኦቦ ገመቹ አንድ ነገር ተናገረ፤ ወደ እኔም ዞሮ በአማርኛ ደገመው። «ሱሉልታ መግቢያ ላይ ወታደር አለ። መኪና ሁሉ ይፈትሻሉ። በዚህ ሰሞን ድንጋይ ጭናችሁ ነው ወደዚያ የምትሄዱት? አብዳችኋል እንዴ?»

ኦቦ ገመቹ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ እዚህ እናራግፈው። የእነዚህን ልጆች የአባቶቻቸውን ስም አውቃለሁ። አንድም አይነኩብህም። ነገሩ ሲበርድ እኔው ራሴ መጥቼ ጭኜ አመጣልሃለሁ።»

እሳቸውን ሳይሆን ቁጥር ሠላሳ አንድን ነበር የማየው። ሜዳ ላይ ጥዬው ልሄድ? ሁለት ዓመት የለፋሁበት፣ ዲግሪዬ፣ ስሜ፣ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

«ኦቦ ገመቹ፣ ደብዳቤ አለኝ እኮ። ማህተም ያለው ደብዳቤ ነው።»

«ወታደር ደብዳቤ ሳያነብ በፊት ድንጋዩን ነው የሚያየው።»

«ያነባሉ። እኔ አስረዳቸዋለሁ።»

መዳፋቸውን በመሐረብ ጠቀለሉ። «እሺ፣ መኪናውን የተከራየኸው አንተ ነህ» አሉና ገቡ።

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። የኔ ለየት የሚለው መከራው የመጣው በመካሪው ላይ መሆኑ ነው።

ሱሉልታ መግቢያ ላይ አስቆሙን። ገና ፀሐይ ነው፣ አሥር ሰዓት ቢሆን ነው። ውረዱ አሉን፣ እጅ ወደ ላይ አሉን። ሸራው ተገለጠ። አንደኛው ወታደር ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ «ድንጋይ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ፈንጂ ያገኘ እንጂ ድንጋይ ያገኘ አይመስልም። ሦስቱን ማዳበሪያ አስፋልቱ ላይ ዘረገፉት። ድንጋዮቼ እየተንከባለሉ ቦይ ውስጥ ሲገቡ አየሁ፤ ዐይኔ ግን ቁጥር ሠላሳ አንድን ይፈልግ ነበር። በዚያ ሰዓት እንኳ! እስካሁን ከማፍርባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

አዛዡ መጡ። ድንጋይ አንሥተው አገላበጡ።

«ለእነማን ነው የምታደርሱት?»

«ለዩኒቨርሲቲ ነው፣ ጌታዬ። ናሙና...»

«ቁጥሩ ምንድን ነው? የቡድን ቁጥር ነው? ቡድን ዘጠኝ ይሄን ሊወስድ ነው?»

ደብዳቤዬን አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ፤ አዩ፣ ኦቦ ገመቹ ልልም ቃጥቶኝ ነበር።

«አንተ ተማሪ ነህ። እሺ። ድንጋይ ለመሰብሰብ ተፈቅዶልሃል። እሺ» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ኦቦ ገመቹ አመለከቱ። «ይሄስ?»

«ሹፌሬ ናቸው።»

«ስሙ የታለ?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጉት። የኔ ስም አለ፣ የአማካሪዬ ስም አለ፣ የተራራው ስም ሳይቀር አለ። ኦቦ ገመቹ የሉም። እንደፈለግህ ብላኝ ነበር ጸሐፊዋ።

«ረስቼው ነው... እኔ ነኝ የረሳሁት... እሳቸው ምንም አያውቁም፣ ድንጋዩ የኔ ነው፣ ሁሉም የኔ ነው!»

መታወቂያቸውን አዩ። «የሱሉልታ ሰው ነው። በዚህ ሰሞን፣ በዚህ መንገድ፣ ሦስት ማዳበሪያ ድንጋይ። አንተን ሽፋን አድርጎህ ቢሆንስ?»

ያኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ግግር በረዶ አልኩ። ሰሜን ተራሮች አልኩ። አዛዡ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩና «በረዶ?» አሉ፤ ወታደሮቹ ሳቁ። ጫንጮ ላይ ሲስቁ የዳንን መስሎኝ ነበር፤ ይሄ ሳቅ ሌላ ነው። ተስፋ ስቆርጥ ወደ መኪናው ሮጬ ኮፈኑን አሳየኋቸው። «ይኸው፣ እዩት! በረዶ ድንጋይን እንዲህ ነው የሚፍቀው! አሁን ቅድም ነው እሳቸው ያሳዩት!»

«ለማን ነው ያሳያችሁት?» አሉ አዛዡ።

ወደ ኦቦ ገመቹ ዞርኩ።

«ቅድም የት ቆማችሁ ነበር? እጁስ ምን ሆኖ ነው የደማው?»

ኦቦ ገመቹ አዩኝ። ዐይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሳያውቅ ለሚያጠፋ ልጅ እንደሚታዘን ነበር ያዘኑልኝ። ያዳነንን ነገር እኔው በአፌ አውጥቼ ማስረጃ አደረግሁባቸው። ጠቅልለው የያዙትን መሐረብ ፈቱት። የተላላጠ መዳፍ፣ ጠጠር የተሰነቀረበት። ለወታደር ይሄ ድንጋይ ሲወረውር የዋለ እጅ ነው።

ወደ ጭነት መኪናው ወሰዷቸው። ተከትዬ ሮጥኩ፤ አንዱ በመሣሪያው አግድም መለሰኝ። «ድንጋዩ የኔ ነው!» እያልኩ እጮኻለሁ። «ከሆነ አንተንም እንጨምርህ?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፦ «ጨምሩኝ» አላልኩም። እናንተ ብትሆኑ ትሉ ይሆናል። እኔም ከዚያ ቀን በፊት ቢጠይቁኝ እላለሁ ባይ ነበርኩ።

ደብዳቤው ከእጄ ወድቆ አስፋልቱ ላይ ይበር ነበር። ኦቦ ገመቹ ከመኪናው ላይ ሆነው አዩትና፣ «ልጄ፣ ደብዳቤህን አንሣ። ነፋስ ይወስድብሃል» አሉኝ።

አነሣሁት።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ በእግሬ ሄድኩ። አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው መንገድ መንገድ ያያሉ። ብቻዬን ሲያዩኝ ነገሩ ገብቷቸዋል። የሆነውን ነገርኳቸው። አላለቀሱም። ብቻ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«አንተን እንዴት ለቀቁህ?»

ስሜ ያለበት ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር ይሻላል፤ ለእሳቸው ግን አላጠረም። በማግሥቱ ትምህርት ክፍሉ ሄጄ አዲስ ደብዳቤ ለመንኩ። «ሠራተኛችን ላልሆነ ሰው እንዴት እንጽፋለን?» ተባልኩ። በኮሚቴ ይታይ ተባለ፤ ኮሚቴው በሳምንቱ ይሰበሰባል ቢሉም ከሳምንት ወደ ሳምንት እየተገፋ ሄደ። ሱሉልታ ጣቢያ ስሄድ «እዚህ የለም፣ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል» አሉኝ። የት? አይታወቅም። መኪናዋ ግን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ኮፈኗ ላይ ያሉት ጭረቶች በአጥሩ ሽቦ በኩል ይታያሉ።

በሦስተኛው ቀን አዴ ጫልቱን ጣቢያው በር ላይ አገኘኋቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው ድንጋይ ይደረድራሉ። የኔን ድንጋዮች! በነጠላቸው እየቋጠሩ፣ ከመንገዱ ዳርና ከቦዩ ውስጥ እየለቀሙ፣ አመላልሰው አጥበዋቸዋል፤ በቁጥራቸው ተራ አስቀምጠዋቸዋል።

«ደብተርህን አምጣ። ቁጥሩን ከደብተርህ ጋር ይዩት። ሊወረውር የያዘ ሰው ድንጋይ አይቆጥርም፣ አይመዘግብም። ይሄን እንዴት አያዩትም?» አሉኝ።

በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ያቀረበ ጠበቃ የለም። ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ፤ አንድ ሁለት እያልን ለተረኛው ፖሊስ አነበብንለት። ተረኛው ልጅ ነው፤ አንጀቱ የራራ ይመስለኛል። «እናቴ፣ እኔ ምን አቅም አለኝ? ድንጋዩን አንሡልኝ፣ አለቃ ሳይመጣ» አላቸው። አነሣን። ሳምንቱን ሙሉ ደረደርን፣ አነሣን።

ሠላሳ ነበሩ። ሠላሳ አንደኛው አልተገኘም። አዴ ጫልቱ «አንዱን አጣሁት» ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን!

ከወር በኋላ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ዛሬ ይፈታሉ፣ ነገ ይፈታሉ ብለን ጠበቅን። ኦቦ ገመቹ የተፈቱት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ሰባት ወር። ክስ አልነበረም፣ ፍርድ አልነበረም፤ በር ተከፍቶ «ሂድ» ነው የተባሉት። በዚያው ሳምንት ኮሚቴው ተሰብስቦ ደብዳቤዬን ጻፈልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «አቶ ገመቹ የተማሪው ሹፌር ሆነው ለመስክ ሥራ መውጣታቸውን እናረጋግጣለን» ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። ሌላ ምን ይዤ ልሂድ? ኦቦ ገመቹ ከስተዋል፤ ቀኝ መዳፋቸው ቁስሉ አመርቅዞባቸው ኖሮ ጣቶቻቸው በደንብ አይታጠፉም። መሪ መያዝ አይችሉም ማለት ነው። መኪናዋን ሸጠዋታል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ «ተው፣ ተነሥ» አሉኝ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽር አድርገው እያንዳንዱን ቃል ዝግ ብለው አነበቡት።

«ማህተሙ ያምራል» አሉና ለአዴ ጫልቱ ሰጧቸው። እሳቸውም አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት።

ስለ እስሩ ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉ። «ያ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰው ልጅ ከእኔ ጋር ነበር። ማታ ማታ እስቲ ስለ በረዶው አውራልን ይለኛል። ስሜን ጨቢ አሉት፣ ኦቦ ጨቢ። ካንተ የበለጠ ተማሪ አስተምሬያለሁ።» ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እሱ አሁንም እዚያው ነው።»

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ጓሮ ይዘውኝ ወጡ። ገብሱ አልተዘራም፣ አረም ውጦታል። የማሳው ጥግ ላይ አንድ ድንጋይ ግማሽ ጎኑ ተቀብሮ ቆሟል፤ ቀይ ቀለም አየሁበት። ሠላሳ አንድ መስሎኝ ሮጥኩ። ተንበርክኬ ጭቃውን ጠረግኩት። ሁለት መቶ ስድስት ይላል።

«እሱማ የኔ ነው። ካንተ ጋር ከመውጣታችን በፊት ነው የተከሉብኝ» አሉ ከኋላዬ።

ያን ሁሉ ቀን በቀዩ ቀለሜ ስጽፍ ከኋላዬ ቆመው የሚያዩት ይህን ድንጋይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

«ማስተር ፕላኑ ቀርቷል አሉ አይደል? ለምን አይነቅሉትም፣ ኦቦ ገመቹ?»

«ነቅዬ ልያዝበት? ሰባት ወር አይበቃኝም?» አሉ። የማይታጠፈውን እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። «አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩን ማን ያነሣዋል አልኩህ፤ ምን ነበር ያልከኝ?»

መልሱን እየጠበቁ ነበር።

«ማንም አልኩዎት። ባለበት ይቀራል።»

«ይኸው ቀረ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ጥናቱን አልጨረስኩትም። አስተማሪዎቼ ጭረት ያለው ድንጋይ የታለ ሲሉኝ የለም አልኩ። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የግግር በረዶው ምዕራፍ ሲደርስ ጠመኔዬን ይዤ ገንዳውን ሸለቆ ሰሌዳው ላይ እስላለሁ፣ ወንበሩን ተራራ እስላለሁ፣ ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ። ጭረቱ ጋ ስደርስ ግን እጄ ይከብደኛል። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ከአንድ ሰው ጋር መንገድ ትወጡ ይሆናል። ወረቀት ላይ የናንተ ስም ሲጻፍ የሰውየውንም ስም አስጽፉ፤ ስልክ መደወል አይታክታችሁ። ሌላ ምክር የለኝም፤ ይቺንም ያወቅኩት በሰው እጅ ነው።

ሠላሳዎቹ ድንጋዮች አዴ ጫልቱ ቤት አጥር ስር ተደርድረዋል። ውሰዳቸው ብለውኝ ነበር። በየዓመቱ እወስዳለሁ እያልኩ እሄዳለሁ፣ ተቀምጬ ተጫውቼ፣ ሳልወስዳቸው እመለሳለሁ። ቀለማቸው ግን አሁንም አልለቀቀም።